በባዶዋ ጄት ውስጥ የሚተነፍሰው

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የሰማሁት ከራሷ ከእቴነሽ አፍ ነው። ግማሹን በዓይኗ አይታዋለች፤ ግማሹን ባሏ ተሻለ ነግሯታል።

በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው።

1973 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ወር፣ አሰበ ተፈሪ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ... ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ወደየቤቱ ገብቶ መንገዱ ጭር የሚልበት ሰዓት።

ተሻለ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የጄት ሞተር ጩኸት ግራ ጆሮውን አደንቁሮት በቦርድ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ይኖራል። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጎኑን ያዞራል። በግራው መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።

አንድ ቀን እቴነሽ ብርድ ልብስ ስትፈልግ ከሳጥኑ ግርጌ አንድ ካርቶን አወጣች። ክዳኑ ላይ ደመና ሰንጥቃ የምትወጣ ጄት ተስላለች።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ሞዴል ነው። ኤፍ-5። አሜሪካዊው አሠልጣኛችን ሲሄድ የሰጠኝ።”

“መጫወቻ?”

“መጫወቻ አይደለም... ትገጣጠማለች።”

በውስጡ የተሠራ አውሮፕላን የለም። ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ጎማው፣ የአብራሪው ወንበር ሳይቀር ቁጥር ተሰጥቶት በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል። አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ ጠርዙን እየሞረዱ፣ በሙጫ እያጣበቁ መሥራት ነው። ስታልቅ ርዝመቷ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው።

እቴነሽ ደስ አላት። ባሏ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ በምንም ነገር ሲደሰት አይታው አታውቅም።

ጥሩ ብርሃንና ወረንጦ ያለው ወዳጁ ሰዓት ሠሪው አብዱልቃዲር ጋ ነው። የአብዱልቃዲር ሱቅ ከዋናው መንገድ ዳር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ተሻለ ከምሳ በኋላ እዚያ እየሄደ ከጠረጴዛው ጥግ ይቀመጥና ይገጣጥማል።

“ማሻአላህ! አቦ ተሻለ፣ ይቺ እኮ ልትበር ነው!” ይለዋል አብዱልቃዲር፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ።

በአሥራ ሁለት ቀን አለቀች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በካርቶኑ ውስጥ የፕላስቲክ አብራሪ ነበር፣ የራስ ቁር ያጠለቀ፣ ከጥፍር የማይበልጥ። ተሻለ እሱን ከዘንጉ አልነቀለውም።

“ሰውየውንስ?” አለው አብዱልቃዲር።

“ይቅር።”

“ለምን?”

“ይቅር አልኩህ።”

ወንበሩን ባዶ ትቶ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጠውን የመስታወት ክዳን ያለ ሙጫ ገጠመበት። ጄቷን መስኮቱ ሥር ጥላ ላይ አስቀመጧት።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ከሃያ ላይ አብዱልቃዲር አፍንጫውን ነፋ፣ ነፋ አደረገ።

“ነጭ ጋዝ ደፋህ እንዴ?”

ተሻለም ሸተተው። ነጭ ጋዝ አይደለም። የጄት ነዳጅ ነው። ያን ሽታ አሥራ አንድ ዓመት ልብሱ ላይ ተሸክሞታል፤ አይስተውም።

ዞር ሲል ጄቷን አየ።

የመስታወት ክዳኗ ደብዝዟል...

ጠጋ አለ። በጣቱ ጠረገው፤ አልጠራም። ድብዛዜው ከውጭ አይደለም።

ከውስጥ ነው።

ብርድ ቀን የመኪና መስታወት በሰው ትንፋሽ እንደሚሸፈነው ነው። እያየው ይሳሳል... ተመልሶ ይወፍራል። ይሳሳል... ይወፍራል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠራ። ክዳኑን አንስቶ አየ። ባዶ ወንበር ነው። ውስጡን በትንሽ ጣቱ ነካው።

ይሞቃል።

ለአብዱልቃዲር ምንም አላለውም። ለራሱም ሙጫው ነው አለ፤ የሙጫው ትነት ነው፣ ይደርቃል። ሆኖም በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን፣ ስምንት ከሃያ ሲል ይመጣል፤ ስምንት ከሠላሳ አምስት ላይ ይጠፋል።

በአምስተኛው ቀን ድምፅ ተጨመረ።

ኳ... ኳ... ኳ...

“ሰው እያንኳኳ ነው” አለ ተሻለ።

አብዱልቃዲር ወደ በሩ አየ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም የለም።

“እኔ አልሰማሁም።”

ተሻለ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። ድምፁ አልቀነሰም። ግራውን ደፈነ... ጠፋ።

ሲለቀው መጣ። ኳ... ኳ... ኳ... በጓንት የተሸፈነ እጅ መስታወት ሲመታ።

በማይሰማው ጆሮው ነው የሚሰማው!

ፊቱ ዓመድ ሲመስል አብዱልቃዲር ደነገጠ። “ምን ሆንክ አንተ?”

ተሻለ ወደ ጄቷ ጠቆመው።

አብዱልቃዲር የሰዓት መሥሪያ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ሳቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጫቱን ማላመጥም ተወ።

“ያ ረቢ...”

“ምን አየህ?” አለው ተሻለ በሹክሹክታ።

“ዝም በል።”

“አብዱልቃዲር፣ ምን አየህ?”

“ጉሙን ጠርጎታል። ከውስጥ። ትንሽ ቦታ...”

“ማን?”

“እጅ አለ። ጣቱን ያነሳል፤ አንድ በአንድ። ይቆጥራል።” ወደ መስታወቱ ይበልጥ ተጠጋ። “አምስት ላይ ይቆምና... እንደገና ከአንድ ይጀምራል።”

አጉሊ መነጽሩ ከዓይኑ ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። አላነሳውም። ከንፈሩ ዱዓ ያነበንባል። ጉሙ እስኪጠፋ ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በኋላ አብዱልቃዲር ጄቷን በካርቶኗ አድርጎ አስታቀፈው።

“ከሱቄ አውጣልኝ፣ ወንድሜ። አልቀየምህም፤ ግን አውጣልኝ።”

በሩ ላይ ደግሞ እጁን ያዘው።

“አንድ ነገር ስማኝ። ጉሙ እያለ እንዳትከፍተው። ማን እንደሆነ በደንብ ሳታውቅ፣ ወላሂ፣ እንዳትከፍትለት።”

ተሻለ ግን ማን እንደሆነ የሚያውቅ መስሎት ነበር።

ያን ቀን ለእቴነሽ ነገራት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረውን ነገራት።

ሻምበል ዘገየ ይባላል። የሱን አውሮፕላን አዘጋጅቶ የሚያስነሳው ተሻለ ነበር። ጄት ቆማ ሳለች ድንገት እንዳትተኩስ፣ ወንበሩም ድንገት እንዳይነሳ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ስድስት ፒኖች ይሰኩባታል። ልትነሳ ስትል መካኒኩ ይነቅላቸውና በእጁ ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳያል። አብራሪው ከላይ ሆኖ በጣቱ ይቆጥራል። ስድስት ከሞላ ይሄዳል።

ነሐሴ 1969፣ ከቀኑ ስምንት ከሃያ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ይጮኻል፣ ሰው ይሯሯጣል። ተሻለ ፒኖቹን ነቅሎ አነሳ። ሻምበል ዘገየ ቆጠረ።

አምስት ላይ ቆመ።

እንደገና ቆጠረ። አምስት። እጁን ዘርግቶ “ስድስተኛውስ?” ብሎ በምልክት ጠየቀው።

“ኪሴ ውስጥ ያለ መሰለኝ” አላት ተሻለ። “ኪሴን መታ መታ አድርጌ አውራ ጣቴን አሳየሁት። ሂድ አልኩት። ክዳኑን ዘጋና ሄደ።”

“ከዚያስ?”

“ኪሴን ስፈትሽ የለም።”

የቀረው፣ ከአብራሪው ራስ በስተኋላ፣ እሱ ሊያየው የማይችለው ነው። በአደጋ ጊዜ ሰውየውን ከነወንበሩ ወደ ላይ ተኩሶ የሚያወጣውን የሚቆልፈው ፒን። ጄቷ ተመታች። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ የሰማው ሁለት ቃል ነው፤ “ወንበሩ እንቢ...” ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መስታወት ሲደበደብ ብቻ ነው የተሰማው።

ጠላት መታው ተባለ። ተሻለን የጠየቀው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም።

እቴነሽ ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

“እናት አለችው?”

“አለችው። ሂርና።”

“ሂርና?!” አለች። “እዚህ አፍንጫችን ሥር?”

“ደብዛው ጠፍቷል የሚል ደብዳቤ ነው የተላከላት። ዛሬም ትጠብቀዋለች አሉ።”

“ነገ ትሄዳለህ። ይህን ነገርም ይዘህ ትሄዳለህ።”

በማግስቱ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውቶቡስ ሂርና ገባ። የወይዘሮ ሳህሊቱ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ጎረቤቷ ፋጤ “ኮቱ፣ ና በዚህ” ብላ እስከ ደጇ አደረሰችው።

ወይዘሮ ሳህሊቱ ቀጥ ያለች ረጅም ሴት ናት። ከልጇ ጋር ይሠራ እንደነበር ሲነግራት ወንበር አቀረበችለት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ቆማ ሰማችው። አንድም ሳይደብቅ ነገራት።

“አምስት ነው የቆጠረው?”

“አምስት፣ እማማ።”

“አንተስ?”

“አውራ ጣቴን አሳየሁት።”

“አመነህ?”

ተሻለ አንገቱን ደፋ። “አመነኝ።”

ትጮኻለች፣ ታባርረኛለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ወደ ካርቶኑ አየች።

“እሱስ ምንድን ነው?”

ስምንት ከሃያ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጄቷን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ሽታው መጣ። የመስታወት ክዳኗ ቀስ እያለ ደበዘዘ... ሳሳ... ወፈረ...

ወይዘሮ ሳህሊቱ ጎንበስ አለች። ፊቷ ጄቷን ሊነካ ደረሰ።

“ይተነፍሳል” አለች በቀስታ።

ኳ... ኳ... ኳ... በተሻለ ግራ ጆሮ ውስጥ።

“ክፈተው።”

“እማማ፣ አሁን አይሆንም። ጉሙ እስኪጠፋ...”

“ልጄ ታፍኖ እያየሁ ልጠብቅ? ሦስት ዓመት አይበቃም?”

“እማማ፣ እሱ መሆኑን በምን...”

አልጨረሰም። በጥፍሯ ክዳኑን ፈልቅቃ አነሳችው።

ጠቅ።

ትኩስ አየር በመካከላቸው አለፈ። የጄት ነዳጅ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወደ ጓዳ የሚያስገባው መጋረጃ... ሰው በትከሻው ገፍቶት እንዳለፈ... ወደ ውስጥ ተነፋና ተመለሰ።

ከዚያ ጸጥታ። የተሻለ ግራ ጆሮ እንደ ድሮው ደነቆረ።

ወይዘሮ ሳህሊቱ መጋረጃውን እያየች ፈገግ አለች።

“በቃ፣ አንተ ሂድ” አለችው፣ ፊቷን ሳትመልስ። “ጄቷን ተውልኝ።”

ሄደ። ሰባት ወር በሰላም ኖረ። እንቅልፍ ወሰደው፤ ሥጋ ለበሰ። ወደ አብዱልቃዲርም ሱቅ ተመልሶ ከምሳ በኋላ መጫወት ጀመረ። የዘገየ ነፍስ ዐረፈች ብሎ አመነ።

ሰኔ ላይ ፋጤ ለገበያ አሰበ ተፈሪ መጥታ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ፈልጋ አገኘችው።

“እማማ ሳህሊቱ ይፈልጉሃል። ና ብለዋል።”

“ደኅና ናቸው?”

“ወፍረዋል። ይስቃሉ።” ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ግን ሰው ቤት አያስገቡም። ጓሮ ልብስ ያሰጣሉ። የወንድ ልብስ። ታጥቦም ይሸታል አቦ... ጋዝ፣ ጋዝ ይላል።”

ተሻለ ብቻውን መሄድ ፈራ። እቴነሽ አብራው ሄደች።

ደጁ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ሳህሊቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

“ቀስ በሉ... ተኝቷል።”

እቴነሽ የባሏን ክንድ ያዘች። ገቡ። ቤቱ ይሞቃል፤ በር ከተከፈተ በኋላም ይሞቃል። ጠረጴዛው ላይ የሁለት ሰው ሳህን አለ። አንዱ ተበልቶበታል። በሌላው ላይ ምግቡ አልተነካም፤ ደርቆ ጠርዙ ጠቁሯል።

“ማን ነው የተኛው፣ እማማ?” አለ ተሻለ።

“ማን ይሆናል?”

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ደስታው እንደ ጭምብል ተገፎ ከሥሩ ሌላ ፊት ወጣ፤ የፈራ ሰው ፊት። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፦

“አይናገርም። አይበላም። ስሙን ስጠራው አፌን ያያል እንጂ ዓይኔን አያይም። እኔ ደግሞ ለውትድርና ከሄደ ጀምሮ ልጄን ያየሁት ስንት ጊዜ ነው? አንተ ግን በየቀኑ ታየው ነበር። ለዚህ ነው የጠራሁህ።”

እጁን ያዘችው።

“ግባና እየው። ልጄ መሆኑን ንገረኝ።”

እቴነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳይገባ። ተሻለ ግን የወይዘሮ ሳህሊቱን ዓይን አይቶ እንቢ ማለት አልቻለም። መጋረጃውን ገለጠ።

አልጋው ላይ ረጅም ሰው በጀርባው ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ደርሷል። ዓይኑ ክፍት ነው። ጣሪያውን ያያል።

ዘገየ ነው።

ዘገየ... ግን ተሻለ የሚያውቀው ዘገየ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ አገጩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው። ይሄኛው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ ልሙጥ ነው።

ተሻለ ቀና ሲል ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ፎቶ አየ። ካዴት ዘገየ፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ የተነሳው። ግንባሩ፣ የፀጉሩ አበጣጠር፣ ሁሉም አልጋው ላይ እንዳለው ነው።

በፎቶው አንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚታየው።

የተኛው ቀስ ብሎ ራሱን ወደ ተሻለ አዞረ።

በሌላው በኩል ጆሮ የለውም። ጠባሳም የለም፤ ቁስልም የለም። ቆዳ ብቻ... እንደ ጉንጭ የለሰለሰ ቆዳ።

ፈገግ አለ። ልክ እንደ ፎቶው።

ተሻለ መጋረጃውን ለቀቀና ወጣ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ትጠብቀዋለች።

“እሱ ነው?”

ተሻለ ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ።

“ልጄ፣ ንገረኝ። እሱ ነው?”

“እሱ ነው፣ እማማ” አላት።

እጁን ያዘችና ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እቴነሽ ባሏን እየጎተተች ወጣች።

ወደ አሰበ ተፈሪ የሚመለስ አውቶቡስ ወዲያው አገኙ። ተሻለ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። እቴነሽ በቀኝ ጆሮው ጠጋ ብላ ጠየቀችው።

“እሱ ነው?”

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“ተሻለ... እሱ ነው ወይ?”

“ታዲያ ምን ልበላት?” አላት።

አውቶቡሱ በቤቱ ፊት ለፊት አለፈ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ልትሰናበታቸው ደጇ ላይ ወጥታ ቆማለች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ቀኝ እጇን አንስታ አውለበለበች።

ከኋላዋ፣ በሩ ውስጥ፣ መቃኑ ዝቅ ብሎበት አንገቱን የሰበረ ረጅም ሰው ቆሟል።

ወደ አውቶቡሱ አላየም። እጇን ነው የሚያየው። ክንዷን፣ መዳፏን፣ ጣቶቿን... አንድ በአንድ አየ።

ከዚያም ቀስ ብሎ የራሱን እጅ አነሳና፣ ልክ እንደሷ አድርጎ ማውለብለብ ጀመረ።